አንድ ክር ብዙ ቀለም፤ የብርሃን ጥበብና የምዕራብ ጎንደር ቈላ

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚወርድ መንገደኛ ደጋውን ከኋላው ትቶ፥ ወይና ደጋውንም አቋርጦ፥ በመጨረሻ ከሱዳን ወሰን ጋር ከሚገናኘው ሰፊ ሜዳ ይደርሳል። ይህ አገር መተማ፥ ቋራና ምዕራብ አርማጭሆ የሚባሉት ወረዳዎች የሚገኙበት፥ ሰሊጥና ማሽላ፥ ጥጥም የሚታፈስበት ቈላ ነው። በአንገረብ ወንዝ አጠገብ ያለችው አብደራፊም ከዚሁ ቈላ ከተሞች አንዷ ናት። የአረምና የአጨዳ ወራት በደረሰ ጊዜ ከጎንደርና ከጎጃም ደጋ፥ ከሌላም ስፍራ አያሌ ሠራተኞች እየጐረፉ ይመጡባታል፤ ሥራው ሲያልቅም ያገኙትን ይዘው ወደየቀዬአቸው ይመለሳሉ።

የዚህ አገር ሀብት ከመሬቱ ቢወጣም ዋጋው የሚቈረጠው በሩቅ ነው። የሰሊጥ ባለቤት ምርቱን ከመሸጡ በፊት በ2008 ሥራውን በጀመረው በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ዋጋው እንዴት እንደ ዋለ፥ ባሕር ማዶ ያለው ገዢም ምን እንደሚል ሊያውቅ ይፈልጋል። የቀን ሠራተኛው ያጠራቀመውን ገንዘብ ለእናቱ ሊልክ፥ ደኅንነቱንም ሊነግራት ይሻል። በአብደራፊ ጤና ጣቢያ ለብዙ ዓመታት ሲታከም የኖረው ካላዛር የተባለው ክፉ በሽታ፥ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ፥ ካልታከመም የሚገድል ነውና፥ ሐኪሙ ከጎንደር ባልደረባው ጋር መመካከር የሚያስፈልገው ቀን አለ። እነዚህ ሁሉ ጉዳዮች በአንድ ነገር ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው፤ እርሱም መገናኛ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።)

በመጋቢት 1889 ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመተማ ጦርነት ላይ በወደቁ ጊዜ፥ ያ ታላቅ መርዶ ወደ ደጋው የወጣው በሰው እግርና በእንስሳ ጀርባ ነበር። ዛሬ ግን በዚያው መንገድ ዜና የሚጓዘው በብርሃን ነው። አገራችን የባሕር በር የሌላት ስለሆነች፥ ከባሕር ሥር ከተዘረጉት የዓለም የመገናኛ መስመሮች ጋር የተያያዘችው በጎረቤቶቿ በጅቡቲ፥ በሱዳንና በኬንያ በኩል ነው። ወደ ሱዳን የሚያመራው መስመርም የተዘረጋው በመተማ በኩል ነው። መስመሩ ከመዳብ የተሠራ እንዳይመስለን፤ ከሰው ጠጕር እጅግ ብዙ የማይወፍር የመስተዋት ክር ነው።

እንግዲህ የሕዝቡ ቍጥርና የሥራው ዐይነት በጨመረ መጠን በዚህ ክር ላይ የሚጫነው መልእክትም ይጨምራል። ሸክሙ ሲበዛ ምን ይደረጋል? አንዱ መንገድ ሌላ ጕድጓድ ቈፍሮ ሌላ ክር መቅበር ነው። ነገር ግን ቈላው ርቀቱ ብዙ፥ አፈሩም በበጋ የሚሰነጠቅ በክረምት የሚያብጥ ጥቁር መረሬ ሲሆን፥ ቍፋሮው ወጪውም ድካሙም ቀላል አይደለም። ሁለተኛው መንገድ በተቀበረው ክር ላይ ሌላ ቀለም መጨመር ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ስለ ሁለተኛው መንገድ፥ በተለይም ከአንድ በላይ የሆነ ቀለም አፍልቆ ቀለሙንም እንደ ፈቃድ ስለሚያዘዋውረው የክር ሌዘር አሠራር ይናገራል።

ክሩ ምን ዐይነት ነገር ነው?

የመገናኛው ክር እጅግ ከጠራ መስተዋት ይሳባል። መካከሉ፥ ይኸውም ብርሃኑ የሚጓዝበት እምብርት፥ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር ከሺህ እጅ 9 ገደማ ነው። ዙሪያው በሌላ መስተዋት የተሸፈነ ሲሆን ከነሽፋኑ ከሺህ እጅ 125 ይሆናል። የውስጡና የውጭው መስተዋት ጠባያቸው በጥቂቱ ስለሚለያይ፥ በእምብርቱ የገባ ብርሃን ወደ ውጭ ሳያመልጥ በውስጥ እየተገታ ይጓዛል። ፍጥነቱም በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ይህ ሐሳብ ከወረቀት ወደ ሥራ የተሻገረው በቅርብ ዘመን ነው። በ1966 ቻርልስ ካዎና ጆርጅ ሆክሃም የተባሉ ሁለት ሊቃውንት፥ መስተዋቱ ከጕድፍ ቢጠራ ብርሃንን ለረጅም ርቀት ሊያደርስ እንደሚችል አስረዱ። በ1970 ኮርኒንግ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ይህንኑ በተግባር አሳየ። ካዎም በ2009 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

የቱንም ያህል ቢጠራ ግን መስተዋት ብርሃንን ጥቂት በጥቂት መብላቱ አይቀርም። በዛሬው ክር ውስጥ 50 ኪሎ ሜትር የሄደ ብርሃን ከዐሥር አንድ እጁ ብቻ ይቀራል፤ 100 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ከመቶ አንድ እጅ ይሆናል። ከጎንደር እስከ መተማ ያለውን ወደ 180 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ያለ ረዳት ቢጓዝ፥ የሚደርሰው ከአራት ሺህ አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። ይህም ቢሆን የሚገኘው በአንድ በተወሰነ የብርሃን ወገን ነው። እርሱም የሞገድ ርዝመቱ 1550 ናኖሜትር አካባቢ የሆነ፥ ዐይን የማያየው ታሕተ ቀይ ብርሃን ነው። ናኖሜትር ማለት የአንድ ሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ክፍል ነው። እኛ «ቀለም» የምንለው ይህንኑ የሞገድ ርዝመት ነው፤ ቀይና ቢጫ በሞገዳቸው ርዝመት እንደሚለያዩ ሁሉ፥ የማይታዩትም ቀለሞች እርስ በርሳቸው የሚለያዩት በዚሁ ነው።

ሌዘር በክር ውስጥ

አልበርት አይንስታይን በ1917 አንድ ረቂቅ ነገር ተናግሮ ነበር። ኀይል ተቀብሎ የነቃ አተም ባለበት በኩል ብርሃን ሲያልፍ፥ አተሙ ከሚያልፈው ብርሃን ጋር በቀለምም በአካሄድም ፍጹም መንታ የሆነ ሌላ ብርሃን ይወልዳል አለ። አንዱ ሁለት፥ ሁለቱ አራት እየሆነ የሚራባው ይህ ብርሃን ነው ሌዘር የተባለው። የመጀመሪያውን ሌዘር ቴዎዶር ማይመን በግንቦት 1960 በቀይ ሩቢ ድንጋይ ሠርቶ አሳየ። በተከታዩ ዓመት በ1961 ኤልያስ ስኒትዘር የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ በድንጋዩ ፈንታ የመስተዋት ክር ለሌዘር ሊያገለግል እንደሚችል አስታወቀ።

ለመገናኛ ሥራ የሚበጀው ግን ኤርቢየም የተባለ ማዕድን የተጨመረበት ክር ሆኖ ተገኘ። ኤርቢየም በ1843 የታወቀ፥ ስሙም ኢተርቢ ከምትባል ከአንዲት የስዊድን መንደር የተወሰደ ነው። በ1987 በእንግሊዝ አገር በሳውዝሀምፕተን ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ፔይንና ባልደረቦቹ፥ በአሜሪካም ኢማኑኤል ደሰርቪርና ባልደረቦቹ፥ ኤርቢየም ያለበት ክር የደከመውን የ1550 ናኖሜትር ብርሃን መልሶ እንደሚያጐላው አሳዩ። ይህ ማዕድን ጕልበቱን የሚሰጠው መስተዋቱ ብርሃንን እጅግ ጥቂት በሚበላበት በዚያው ቀለም ላይ መሆኑ የሰውን ልጅ ከብዙ ድካም አድኖታል። በረጅም መስመሮች ላይ የደከመውን ብርሃን መልሰው የሚያበረቱት ጣቢያዎች ዛሬ የሚሠሩት በዚሁ ነው።

ብርሃን የሚያጐላ ክር ጫፍና ጫፉ ገጥሞ ቀለበት ቢሆን ደግሞ ራሱ ሌዘር ይሆናል። አሠራሩም የሚከተለው ነው። አንድ ትንሽ መጋቢ ሌዘር የ980 ናኖሜትር ብርሃን ወደ ክሩ ያስገባል፤ ይህም ኤርቢየሙን ያነቃዋል። የነቃው ኤርቢየም በ1550 አካባቢ ብርሃን ይወልዳል፤ ብርሃኑ በቀለበቱ ይዞራል፥ በዞረ ቍጥርም ይበረታል። በመንገዱ ላይ ብርሃኑ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል አንድ በር አለ፤ የተፈለገውን ቀለም ብቻ የሚያሳልፍ አንድ ወንፊትም አለ። በመጨረሻም ለምሳሌ ከመቶ 10 እጁን ወደ ውጭ አውጥቶ 90ውን ወደ ቀለበቱ የሚመልስ መክፈያ ይገኛል። ሰሊጥን ከገለባው የሚለየው ወንፊት ቀዳዳው እንደ እህሉ እንደሚመረጥ፥ የብርሃኑም ወንፊት እንደ ቀለሙ ይመረጣል።

የቀለሞች ሽሚያ

አሁን አንባቢ ሊጠይቅ ይችላል፤ ወንፊቱ ባንድ ጊዜ ሁለት፥ ሦስት፥ ዐሥር ቀለም የሚያሳልፍ ቢደረግ ሌዘሩ ዐሥር ቀለም አያወጣምን? ነገሩ እንዲህ ቀላል ቢሆን ኖሮ ብዙ ሊቃውንት ዕድሜአቸውን ባልፈጁበት ነበር።

ችግሩን ለመረዳት ከደጋችን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በመስኖ በሚያርሱ የጎንደርና የጎጃም መንደሮች አንድ ቦይ ለብዙ ማሳ ይበቃል። ጠባቂ ከሌለ ግን ከላይ ያለው ጐበዝ ውሃውን ሁሉ ጠልፎ ይወስዳል፤ ከታች ያለው ማሳ ይደርቃል። ስለዚህ ሽማግሌዎች ተስማምተው «የውሃ አባት» ይሾማሉ፤ እርሱም ተራውን ያስከብራል፥ በጕልበት የሚወስደውን ይቀጣል።

በኤርቢየም ክር ውስጥም ነገሩ እንዲሁ ነው። መጋቢው ብርሃን ያነቃቸው አተሞች እንደ ቦዩ ውሃ የጋራ ሀብት ናቸው። በተለመደው የክፍል ሙቀት እያንዳንዱ አተም በርካታ ናኖሜትር ለሚያህል የቀለም ወሰን ያለ አድልዎ ያገለግላል እንጂ «እኔ የዚህ ቀለም ብቻ ነኝ» አይልም። ስለዚህ ከቀለሞቹ አንዱ ከሌሎቹ በጥቂት እንኳ የበለጠ እንደ ሆነ፥ በቀለበቱ በዞረ ቍጥር ብልጫው እየጨመረ ይሄድና ጕልበቱን ጠቅልሎ ይወስዳል። ሌሎቹ ይጠፋሉ። አንዳንድ ጊዜም አሸናፊው በየቅጽበቱ እየተለዋወጠ ብርሃኑ ሁሉ ይናወጣል። እንግዲህ ብዙ ቀለም ያለው የክር ሌዘር መንደፍ ማለት በአጭር ቃል ለብርሃኑ የውሃ አባት መሾም ማለት ነው።

የመሐንዲሱ መላዎች

ሊቃውንት ለዚህ ያገኟቸው መላዎች አያሌ ናቸው፤ ዋና ዋናዎቹን እንመልከት።

አንደኛው መላ ማቀዝቀዝ ነው። ክሩ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ሲነከር የአተሞቹ መነቃነቅ ይበርዳል፤ እያንዳንዱ አተም የሚያገለግለው የቀለም ወሰንም እየጠበበ ወደ አንድ ናኖሜትር ገደማ ይወርዳል። ያን ጊዜ ቀለሞቹ እንደ ተከለሉ ማሳዎች ሆነው ሳይሻሙ ይኖራሉ። ነገር ግን ፈሳሽ ናይትሮጅን ለቤተ ሙከራ እንጂ በ40 ዲግሪ ሙቀት ለሚሠራ የቈላ ጣቢያ የሚሆን አይደለም።

ሁለተኛው መላ ከባለጠጋ አብዝቶ የሚቀበል ግብር ይመስላል። በቀለበቱ ውስጥ ብርሃኑ በበረታ መጠን ብዙ የሚያስቀር መሣሪያ ይገባል። ብርቱው ቀለም ብዙ ሲቀነስበት ደካማው ጥቂት ስለሚቀነስበት ሁለቱ ተመጣጥነው ይቆያሉ። ይህንንም ብርሃኑ በክሩ ውስጥ አቅጣጫውን እንዲያዞር በማድረግ፥ ወይም ክሩን አጥፎ ሁለት ብርሃኖች በተቃራኒ መንገድ ሄደው እንዲገናኙ በማድረግ ይሠሩታል። ጥቅሙ ያለ ናይትሮጅን በክፍል ሙቀት መሥራቱ ነው።

ሦስተኛው መላ ብርሃን በብርሃን ላይ የሚያደርገውን ሥራ መጠቀም ነው። ብርቱ የሆኑ ሁለት ቀለሞች በተለየ ክር አብረው ሲሄዱ በመካከላቸው ልውውጥ ይደረጋል፤ ብርቱው ለደካማው ያካፍላል፥ አዲስ ቀለምም ይወለዳል። ይህ የአራት ሞገዶች ቅይጥ ይባላል።

አራተኛው መላ በመስተዋቱ ውስጥ በሚፈጠር ድምፅ መጠቀም ነው። ሌዮን ብሪሉዌን የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ በ1922 እንዳስረዳው፥ ብርሃን በቍስ አካል ውስጥ ካለ የድምፅ ሞገድ ጋር ሲጋጭ ቀለሙን በጥቂቱ ለውጦ ወደ ኋላ ይመለሳል። በመገናኛ ክር ውስጥ ለውጡ 0.09 ናኖሜትር ያህል ብቻ ነው። በ1996 ካውልና ስቴፓኖቭ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ይህን ከኤርቢየም ጋር አጣምረው አንድ ሌዘር ሠሩ። የመጀመሪያው ቀለም ሁለተኛውን፥ ሁለተኛው ሦስተኛውን እየወለደ እንደ ትውልድ ሐረግ ይወርዳል፤ በቀለሞቹም መካከል ያለው ርቀት ሁልጊዜ እኩል ነው።

ከሁሉም መላ ጋር የሚሄደው ደግሞ ወንፊቱ ነው። አንዱ የታወቀ ወንፊት፥ ለሁለት አቅጣጫ ሁለት ዐይነት ጠባይ ያለው ክር እንደ ቀለበት ታጥፎ የሚሠራ ነው። ይህ ወንፊት እንደ ማበጠሪያ ጥርስ በእኩል ርቀት የተቀመጡ ቀለሞችን ያሳልፋል። በጥርሶቹ መካከል ያለው ርቀት በክሩ ርዝመት ይወሰናል፤ የተለመደው ዐይነት ክር 6 ሜትር ያህል ቢሆን ርቀቱ አንድ ናኖሜትር ገደማ ይሆናል፥ 12 ሜትር ቢሆን ደግሞ ግማሽ ናኖሜትር ይሆናል። ነዳፊው ስንት ቀለም፥ በምን ርቀት እንደሚፈልግ አስቀድሞ ወስኖ ክሩን በሜትር ለክቶ ይቈርጣል ማለት ነው።

ቀለሙን እንደ ፈቃድ ማዘዋወር

ብዙ ቀለም ማውጣቱ ብቻ አይበቃም፤ እያንዳንዱን ከቦታ ወደ ቦታ ማንቀሳቀስ መቻልም ያስፈልጋል። የራዲዮ ባለቤት ጣቢያ ለመለወጥ ቍልፉን እንደሚያዞር፥ የሌዘሩም ባለሙያ ቀለሙን የሚያዞርበት ቍልፍ ሊኖረው ይገባል።

ለዚህ በጣም የሚያገለግለው በክሩ እምብርት ላይ የሚቀረጽ ረቂቅ መሰላል ነው። በ1978 በካናዳ ኬነዝ ሂልና ባልደረቦቹ ብርሃን በክር ውስጥ ቋሚ ምልክት ሊቀርጽ እንደሚችል አገኙ። መሰላሉ ከእርከኖቹ ርቀት ጋር የሚስማማውን ቀለም ብቻ መልሶ ያንጸባርቃል፤ ሌላውን ያሳልፋል። ክሩ ሲለጠጥ እርከኖቹ ይራራቃሉ፥ ቀለሙም ይዘዋወራል። አንድ ሜትር ክር በአንድ ሚሊሜትር ቢለጠጥ ቀለሙ 1.2 ናኖሜትር ያህል ይሄዳል። ሲሞቅም እንዲሁ፤ በየአንዱ ዲግሪ 0.01 ናኖሜትር ያህል ይዘዋወራል። ነዳፊው ሁለት መሰላል አኑሮ አንዱን ብቻ ቢለጥጥ በሁለቱ ቀለሞች መካከል ያለውን ርቀት እንደ ፈለገ ያሰፋል ወይም ያጠባል።

የቈላው ሙቀት ፈተና

አንባቢ ሆይ፥ ይህ 0.01 ናኖሜትር ከቁም ነገር የማይገባ ይመስል ይሆናል። እስቲ በመተማና በአብደራፊ እንመዝነው። በዚህ ቈላ በበጋው ማብቂያ ሙቀቱ በቀን ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ጊዜ አለ። በዝግ የብረት ሣጥን ውስጥ ያለ መሣሪያ ደግሞ ከውጭው አየር ይልቅ ይግላል፤ ሌሊት ይበርዳል። በቀንና በሌሊት መካከል የ20 ዲግሪ ልዩነት ቢኖር መሰላሉ ቀለሙን በ0.2 ናኖሜትር ያዛውራል። በዓለም የመገናኛ ደንብ ግን ቀለሞቹ ተጠጋግተው ሲደረደሩ በመካከላቸው የሚተወው ርቀት 0.4 ናኖሜትር ያህል ብቻ ነው። ማለዳ በስፍራው የነበረው ቀለም ከቀትር በኋላ የጎረቤቱን ድንበር ግማሽ መንገድ ተጕዞ ይገኛል ማለት ነው።

ስለዚህ በቀዝቃዛ አገር ቤተ ሙከራ ውስጥ ያማረ ንድፍ ሁሉ ለቈላ ይሆናል ብሎ መቀበል አይገባም። መድኀኒቱም በንድፉ ውስጥ ነው። አንዱ መሰላሉን ሙቀት ሲጨምር ክሩን በሚያላላ ልዩ መያዣ ላይ መትከል ነው፤ ሙቀቱ ወደ አንድ ወገን ሲጐትት መያዣው ወደ ሌላው ይመልሳል። ሌላው መሣሪያውን በኤሌክትሪክ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ በአንድ ሙቀት ላይ መጠበቅ ነው፤ ይህ ግን የማይቋረጥ መብራት ይጠይቃል።

ሦስተኛው መላ ከሁለት ቀለም የሚገኘው ትርፍ ነው። ሁለት መሰላሎች ጎን ለጎን ቢቀመጡና ሁለቱም እኩል ቢሞቁ፥ ሁለቱም ቀለሞች እኩል ይዘዋወራሉ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን ከሞላ ጐደል አይለወጥም። አንዱ መሰላል በድልድይ ምሰሶ ላይ ተጣብቆ ጭነቱንም ሙቀቱንም ቢቀበል፥ ሁለተኛው ሙቀቱን ብቻ ቢቀበል፥ የአንዱን ከሌላው ቀንሶ የጭነቱን መጠን ብቻ ማወቅ ይቻላል። አንድ ቀለም ብቻውን ቢናገር ሙቀት ይሁን ጭነት አይለይም፤ ሁለተኛው ቀለም ምስክር ሆኖ እውነቱን ይለያል።

ጥቅሙና ወሰኑ

እውነቱን ለመናገር ዛሬ በመገናኛ ጣቢያዎች መልእክት የሚጭኑት ሌዘሮች አብዛኞቹ ከሰሚኮንዳክተር የተሠሩ፥ እያንዳንዳቸው አንድ ቀለም የሚያወጡ ናቸው። ብዙ ቀለም ያለው የክር ሌዘር ጐላ ብሎ የሚያገለግለው መሣሪያ ለመፈተን፥ ሙቀትንና ጭነትን ለመለካት፥ የአየርን ቅምጥ ለመመርመርና ለጥናት ነው። ሆኖም ሁለቱም ከአንድ ጥበብ የተወለዱ ናቸው፤ ኤርቢየሙን፥ ወንፊቱንና የቀለሙን አያያዝ የተማረ ሰው በሁለቱም ዘንድ እንግዳ አይሆንም።

በአንድ ክር ላይ ብዙ ቀለም የመጫኑ ጥቅም ምን ያህል እንደ ሆነ በቍጥር እናሳይ። ከ1530 እስከ 1565 ናኖሜትር ባለው ወሰን ውስጥ ከ80 እስከ 96 ቀለሞች ሊደረደሩ ይችላሉ። እያንዳንዱ ቀለም በሴኮንድ 100 ቢሊዮን ምልክት ቢሸከም፥ 80ው ባንድነት 8 ሺህ ቢሊዮን ይሸከማሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነው አንድ ክንድ አፈር ሳይቈፈር ነው።

ቀለምን ማዘዋወር መቻሉም ለሩቅ አገር የተለየ ጥቅም አለው። የእያንዳንዱ ጣቢያ ሌዘር አንድ ቋሚ ቀለም ብቻ የሚያውቅ ቢሆን፥ መለዋወጫ ለማስቀመጥ ለ80 ቀለም 80 ዐይነት ዕቃ ያስፈልግ ነበር። የሚዘዋወር ሌዘር ግን ከየትኛውም ቀለም ቦታ ሊገባ ስለሚችል ጥቂት መለዋወጫ ለሁሉ ይበቃል። ክረምት መንገዱን ባበላሸው ጊዜ ይህ የማይናቅ ነገር ነው።

ነገር ግን ጥቅሙን ብቻ አውርተን ወሰኑን ብንሸሽግ አንባቢን ማታለል ይሆናል። ብዙ ቀለም በአንድ ክር ላይ ሲጫን ክሩ የተበጠሰ ዕለት ሁሉም ባንድ ጊዜ ይጠፋል። «እንቍላልን ሁሉ በአንድ ቅርጫት» እንዳይሆን፥ ሁለተኛ መንገድ ሁልጊዜ ያስፈልጋል። በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ሲነሣ በመተማ በኩል ስደተኞች ወደ አገራችን ገቡ፤ በየካቲት 2024 ደግሞ በሱዳን አብዛኛው የመገናኛ አገልግሎት ተቋርጦ ነበር። በዚያን ጊዜ የጎደለው የቀለም ብዛት አልነበረም፤ ሰላምና የጥገና ሰው ነበር። የትኛውም ሌዘር የተቈረጠ ክር አይቀጥልም።

በዚህ አጋጣሚ ለሚመለከተው ሁሉ አንድ ምክር እናክል። በብርሃን ክር ውስጥ የሚሸጥ መዳብ የለም፤ መዳብ አገኛለሁ ብሎ የሚቈርጠው ሰው የሚያገኘው ጥቂት የመስተዋት ጭረት ነው፤ የሚያጠፋው ግን የብዙ ሺህ ሰው መገናኛ ነው። በትራክተር ሲያርስ ወይም መንገድ ሲሠራ ክሩን ያገኘ ሰውም ጫፉን ወደ ዐይኑ አቅርቦ አይመልከት። ብርሃኑ ስለማይታይ የለም ማለት አይደለም፤ ዐይንን ሊጐዳ ይችላል።

ከተጠቃሚነት ወደ ባለሙያነት

የብርሃን ጥናት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ክፍል የብርሃን ረቂቅ ጠባይና የሌዘር ንድፈ ሐሳብ ለብዙ ዓመታት ሲሰጥ ኖሯል። በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ፕሮፌሰር ፍሥሐ ካሣሁን በ2008 የኳንተም ኦፕቲክስን መሠረት የሚያስረዳ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ አሳትመዋል። የአፍሪካ አገሮችን የሌዘር ተመራማሪዎች የሚያገናኝ የአፍሪካ ሌዘር ማዕከል የተባለ ድርጅትም በ2003 ተቋቁሟል። የወረቀቱ ዕውቀት አለ ማለት ነው። የሚቀረው እጅ ነው።

ይህም እጅ የማይደረስበት አይደለም። ከላይ የገለጽነው የቀለበት ሌዘር የሚሠራባቸው ክፍሎች፥ መጋቢው ሌዘርም ይሁን የኤርቢየሙ ክር፥ የብርሃን በሩም ይሁን መክፈያው፥ አብዛኞቹ ለቴሌኮም ሥራ ተብለው የሚሸጡ ናቸው፤ ሁሉም ባንድ ጠረጴዛ ላይ ይደረደራሉ። ክርን ከክር የሚያጋጥመውን መሣሪያ በየመንገዱ ዳር የሚጠግኑት ወጣቶቻችን በየቀኑ ይሠሩበታል። ጎንደርና ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ያሏቸው፥ ቈላውም በአንድ ቀን መንገድ ላይ የሚገኝላቸው ከተሞች ናቸው። አንድ ተማሪ ሁለት ቀለም ያለው የክር ሌዘር ሠርቶ፥ በመተማ ፀሐይ ቀትር ላይ አውጥቶ፥ ቀለሙ ስንት እንደ ሸሸ ቢለካ፥ በቀዝቃዛ አገር ያለ ሊቅ በቀላሉ የማያገኘውን ትምህርት ያገኛል። ሙቀቱ ለገበሬው ፈተና እንደ ሆነ ሁሉ ለተመራማሪው ቤተ ሙከራ ሊሆነው ይችላል።

የአብደራፊ ሠራተኛ ለእናቱ ሲደውል በክሩ ውስጥ ስንት ቀለም እንደሚያልፍ ማወቅ አይጠበቅበትም። መስመሩ እንዲቆይለት ግን ይሻል። መስመሩ የሚቆየው ደግሞ ባዕድ ባለሙያ እስኪመጣ ሳይጠበቅ፥ ብርሃኑ ለምን እንደ ደከመ፥ ቀለሙም ለምን ከስፍራው እንደ ወጣ የሚያውቅ ሰው በቅርብ ሲገኝ ነው። በአንዲት ቀጭን ክር ውስጥ 80 ቀለሞች ሳይጣሉ ጎን ለጎን የሚኖሩት ነዳፊው የእያንዳንዱን ድርሻ አስቀድሞ ስለ ለካላቸው ነው። ይህን ልኬታ የሚያውቅ እጅ ከአገራችን ይበቅል ዘንድ ትምህርት ቤቶቻችን ከዛሬ ቢጀምሩ፥ የነገው የቈላ ነዋሪ ጥቅሙን ያየዋል።